ሞተሩ ሳይወርድ የታደሰ አሮጌ ላንድክሩዘር፦ የአንድ ጋራዥ አገልግሎት ግምገማ

የምነዳው እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ሲሆን ቆጣሪው 412,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ሞተሩ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሲሠራው የኖረው፣ ባለ 4.2 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ነው። በገጠር ጤና ጣቢያ አምቡላንስም ሆነ በመስክ ሥራ መኪና ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ድምፁን አይስተውም። ባለፈው ክረምት ይህ ሞተር ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይል ጀመር፤ ከብዙ ልመና በኋላ ሲነሳም ግቢውን በነጭ ጭስ ይሞላዋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጥቁር ጭስ እየለቀቀ ጉልበት ያጣል።

መጀመሪያ ያሳየሁት ጋራዥ ሞተሩን አስነስቶ ጭሱን ካየ በኋላ፣ አንድም መለኪያ ሳያነሳ፣ «አልቋል፤ ወርዶ ፒስተኑ፣ ፋሻውና ብሮንዚኑ መቀየር አለበት» ብሎ ዋጋ ነገረኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበትና ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሁለተኛ ጋራዥ ሥራ የሚመዝን ነው። ሁለቱንም በስም የማልጠራው መመዘን የምፈልገው አሠራራቸውን ስለሆነ ነው፤ አንባቢ የትኛውም ጋራዥ ሄዶ ይህንኑ አሠራር መጠየቅ ይችላል።

በዕድሜ ጠና ያሉት ዋናው መካኒክ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ሰዓት ቆሞ ሲያድር ነው የሚያስቸግረው?» የሚል ነበር። ከዚያም ቁልፉን ተቀብለው መኪናው እዚያው እንዲያድር አደረጉ። «ሞቆ የመጣ ሞተር በሽታውን ደብቆ ነው የሚመጣው፣ ልጄ፤ ጠዋት በብርዱ ላየው እፈልጋለሁ» አሉኝ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ደረስኩ። በናፍጣ ፊልትሮውና ናፍጣውን ወደ ሞተሩ በሚገፋው ዋና ፖምፓ መካከል ያለውን ጥቁር ቱቦ አውጥተው ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ተክተውበት ነበር። ሞተሪኖው መዞር ሲጀምር በቱቦው ውስጥ ይወርድ የነበረው ጥርት ያለ ናፍጣ ሳይሆን፣ ጠርሙሱ እንደተነቀነቀ ለስላሳ በአረፋ የተሞላ ነገር ነበር። አየሩ የሚገባው ከፊልትሮው ራስ ላይ ካለችው በእጅ ከምትጫነው ትንሽ ፖምፓ ነው፤ ውስጧ ያለው ስስ ላስቲክ ተሰንጥቋል። ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ታንከሩ እየተመለሰ መስመሩ ባዶ ያድራል፤ ጠዋት ሞተሪኖው ያን ሁሉ አየር እስኪገፋ ባትሪው ይደክማል። ሞተሩ «አልቋል» ከተባለበት ምክንያት ትልቁ ይህች ከመዳፍ የማትበልጥ ዕቃ ነበረች።

በዚህ ግን አልቆሙም። ሞተሩ በብርድ እንዲነሳ ሲሊንደሮቹን የሚያሞቁትን ስድስት ካንዴሌታዎች ፈትተው አንድ በአንድ ሲለኳቸው ሁለቱ ተቃጥለዋል። ነጭ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ብርድ፣ የሞቱት ካንዴሌታዎችና በመስመሩ የገባው አየር ተደምረው ጭሱን አብራርተውታል። ካንዴሌታዎቹ በወጡበት ቀዳዳ የኮምፕረሽን (የታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ እየገባ ስድስቱም ሲሊንደሮች ተለኩ፤ ንባቡ ከ25 እስከ 27 ባር ሆነ። እዚህ ላይ ያሳዩት ጥንቃቄ ነው በሥራቸው እንድተማመን ያደረገኝ። በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር ከዚህ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። ስለዚህ ይበልጥ የሚታየው ስድስቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። ይህን የማያገናዝብ ሰው በዚያች ቁጥር ብቻ ደህና ሞተር አስወርዶ ያስበትናል።

ጥቁሩ ጭስ ሌላ ታሪክ ነበረው። ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጩት ኖዝሎች ወደ መሞከሪያው ተወስደው በ150 ባር ገደማ ተከፍተው ናፍጣውን እንደ ጉም መበተን ሲገባቸው፣ አራቱ ገና ግፊቱ ሳይደርስ ያንጠባጥባሉ። ዋናው ፖምፓ ላይ ደግሞ ናፍጣ የሚጨምረው ብሎን ከዚህ በፊት በሆነ ሰው ተነክቷል፤ የፋብሪካው ማኅተም የለም። ይህ በከተማችን የተለመደ «ጉልበት መስጫ» ስለሆነ ጥቂት ልናገር። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር ከባቢው የሰጠውን ያህል ብቻ ነው። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ናፍጣ ሲጨመርለት ትርፉ የሚያቃጥለው አየር ያጣል፤ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ ይወጣል፤ ዳገት ላይም የቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋውን ክፍል) ሙቀት ከልክ በላይ ያንረዋል። የዋን ኤች ዜድ ቴስታታ በጣም ከሞቀ በቫልቮቹ መካከል የመሰንጠቅ ጠባይ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ያንን ብሎን አይነካም። ፖምፓው በመሞከሪያ ላይ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ የኖዝሎቹ አፍ ዴንሶ በሚባለው ፋብሪካ ሥሪት ተቀየረ፤ ከሥራቸው ያሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎችም ሳይዘለሉ አዲስ ገቡ።

የማቀዝቀዣው ክፍል ምርመራ አጭር ነበር። በራዲያተሩ አፍ ላይ የተያዘው፣ የሞተር ጋዝ ሲያገኘው ቀለም የሚለውጠው ሰማያዊ ፈሳሽ ቀለሙን ስላልለወጠ ከቴስታታው ጋዝ ወደ ውሃው እንደማያልፍ ታወቀ። የራዲያተሩ ክዳን ግን ግፊት መያዝ አቁሞ ስለነበር ከቴርሞስታቱ ጋር ተቀየረ። በአዲስ አበባ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ያ ክዳን እዚህ ከሌላው አገር ይልቅ ብዙ ሥራ አለበት።

የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ቺንጋ መቼ እንዳስቀየርኩ ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ይህ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ ዳሽቦርዱም ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት አለው። መብራቱን ፈልገው ሲያገኙት አምፖሉ ተነቅሏል። ቺንጋውና መወጠሪያው የቶዮታ ወኪል ከሆነው ሞኤንኮ በገዛሁት ኦሪጂናል ዕቃ ተተካ። ሌላውን ዕቃ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ዞሬ ገዛሁ፤ የራዲያተር ቱቦና ፊልትሮ ከዚያ መግዛት አያስፈራኝም፤ ቺንጋ ግን ማሸጊያው የቱንም ያህል ቢያምር ምንጩን ከማላውቀው ሰው አልገዛም። የቫልቭ ክዳኑ እንደተከፈተ የአሥራ ሁለቱ ቫልቮች ክፍተት ተለክቶ ሦስቱ ጠብበው ስለተገኙ ክፍተቱን የሚያስተካክለው ሺማቸው ተቀየረ። ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለው ቱቦ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አስገብተው ሲያወጡት ጨርቁ እንደገባ ወጣ። በኮረኮንች መንገድ የኖረ ሞተር አቧራ አለመጠጣቱን ያየሁት በዚያች ጨርቅ ነው፤ ከሁሉ የተደሰትኩትም ያኔ ነበር።

ጉድለታቸውን ልደብቅ አልፈልግም። በስድስት ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ፤ በየመካከሉም እኔ ካልደወልኩ የሚነግረኝ አልነበረም። የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን በደንብ ሳይቀመጥ ስለታሰረ በሁለተኛው ሳምንት ዘይት ማላብ ጀመረ። ያለ ክፍያ ደግመው ሠርተውልኛል፤ ሆኖም ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቼ መመለስ ነበረብኝ። የእጅ ሥራውንም ዋጋ ሳይዘረዝሩ በአንድ ድምር ነው የጻፉልኝ፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከሚያደርግ ቤት የተሻለ ደረሰኝ እጠብቅ ነበር። ጠቅላላ ወጪዬ ዕቃውን ጨምሮ የመጀመሪያው ጋራዥ ከጠየቀኝ ሲሶውን አልሞላም።

ከሥራው በኋላ መኪናውን ጭኜ የዓባይን በረሃ ተሻገርኩ። ከጎሐ ጽዮን ወርጄ ወደ ደጀን ስወጣ በቀትር ፀሐይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ የሙቀቱ መርፌ ከመሐል ከፍ አላለም፤ በመስታወት የማየው ጭስም ከባድ መኪና ለማለፍ ነዳጅ ስረግጥ ብቻ የሚታይ ስስ ጥላ ነበር። ጉልበቱ ጨምሯል ብዬ ግን አልጽፍም። ብሎኑ ወደ ልኩ ስለተመለሰ ከቆመበት ሲነሳ እንዲያውም ትንሽ ረጋ ብሏል፤ ፈጣን መኪና የሚፈልግ ሰው በዚህ ሞተርም ሆነ በዚህ ዓይነት እድሳት አይረካም። በአንድ ሊትር 7 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው አሁን 8 ተኩል ይሄዳል። ጠዋት የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ጠብቄ ቁልፉን ሳዞር በመጀመሪያው ይነሳል። የስድስቱን ሲሊንደሮች ንባብና የአሥራ ሁለቱን ቫልቮች ክፍተት በእጃቸው የጻፉበትን ወረቀት በፕላስቲክ አሽጌ ከሊብሬው ጋር አስቀምጬዋለሁ፤ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በኋላ እዚያው ጋራዥ ተመልሼ በዚያው መለኪያ አስለካለሁ።