ለተራራዋ ባለታክሲ ምስጋና፣ ወላጅ ይዛችሁ ሐይቅ ማየት ለምትፈልጉም ጥቆማ

ደቡብ ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ፣ ሞንፔልዬና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ደግሞ እናት ወይም አባት ከአገር ቤት አስመጥታችሁ «ኧረ የት ወስጄ ላዝናናቸው?» እያላችሁ የተጨነቃችሁ፣ ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከማዛሜ ከተማ በላይ ባለው ተራራማ አገር ታክሲ የምትነዳ አንዲት ፈረንሳዊት አለች። እግዜር ይስጣት። እናቴን እንደ ወላጅ እናቷ ይዛ ሐይቁን ሁሉ አሳየችልኝ። ስሜን በኢንተርኔት አታውጪብኝ ስላለችኝ አልጽፈውም፤ ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።

እናቴ የመጣችው ከጎንደር ነው። የቪዛውን ነገር አላነሳም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ነሐሴ ሲገባ ደረሰች። ነሐሴ ላይ ቱሉዝ እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቃላችሁ፤ ሱቁ ግማሹ ዝግ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዕረፍት ወጥቷል፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ሙዚየም ላሳያት ብል ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አይሆንላትም። እሷ ደግሞ ገና ከመምጣቷ የጠየቀችኝ «ውሃ ያለበት አገር የለም ወይ?» ብላ ነው። ስለዚህ ወደ ኦ ላንግዶክ ተራሮች ልወስዳት አሰብኩ። እዚያ ደጋ ነው፣ ማታ ማታ ጋቢ ያስደርባል፤ ጫካና ሐይቅ በሽ ነው። ሐይቅ እላለሁ እንጂ አብዛኛው ወንዝ ተገድቦ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ዳር ዳሩ ደን ስለሆነ ግን ካልነገሯችሁ አታውቁትም።

መኪና ለመከራየት በኢንተርኔት ከፈልኩ። ልጆቼን፣ እናቴንና ሻንጣውን ይዤ ቢሮው ስደርስ እንግዳ የሚቀበለው ልጅ ካርዴን አገላብጦ አየና «ይኼ ዴቢት ካርድ ነው፣ እኛ የምንቀበለው ክሬዲት ካርድ ብቻ ነው» አለኝ። ለመያዣ ነው አሉ። ኪራዩ ተከፍሏል፣ መንጃ ፈቃዴ የፈረንሳይ ነው፣ ባንኬም እዚሁ ነው! ካልሆነ የእኛን ተጨማሪ ኢንሹራንስ ግዢ አለኝ፤ የኢንሹራንሱ ዋጋ ከኪራዩ አይተናነስም። ታዲያ ገንዘቤን መልሱልኝ ስል «በኢሜይል ጠይቂ»። እናቴ መቀመጫ በሌለበት ቆማ ታየናለች። «ምን አለሽ?» ስትለኝ ምን ብዬ ላስረዳት? እስከ ዛሬ ሳንቲም አልመለሱልኝም። ቤቱስ ብትሉ፣ ያከራዩን ሰዎች ፎቶ ላይ ሐይቁ ደጃፍ ላይ ነው። ሐይቁማ አለ፤ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት አንገታችሁን ካሰገጋችሁ ትንሽ ይታያል። ስንወጣም ጠርገን ወልውለን አስረክበን፣ የጽዳት ብለው ቆረጡብን። የማንንም ስም አልጠራም፤ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ።

እንግዲህ መኪናው ሲቀር በባቡር እስከ ማዛሜ ሄድን። ከዚያ በላይ ያለው አውቶቡስ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ዓይነት ነው። ዳቦ ቤት ገብቼ ስጠይቅ ሻጯ በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ጻፈችልኝ። ደወልኩ። «አንድ በሽተኛ ከሆስፒታል እያወጣሁ ነው፣ ቤታቸው አድርሼ እመጣለሁ። እስከዚያ እናትሽን ጥላ ስር አስቀምጫቸው» አለችኝ። ጥላ ስር አስቀምጫቸው! የዚያን ቀን ስለ እናቴ ያሰበ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ለካ በፈረንሳይ ገጠር የባለታክሲ እንጀራ ዋናው ይኸው ነው፤ ኩላሊት እጥበት የሚሄዱ፣ ጨረር የሚወስዱ አዛውንቶችን ከየመንደሩ ሆስፒታል ማመላለስ። ሂሳቡን የጤና መድን ይከፍላል። ስለዚህ አቅመ ደካማ መያዝ ታውቅበታለች። መኪናዋ ከፍ ያለ ሚኒባስ ነው። ከኋላ አንዲት ዝቅተኛ የእንጨት በርጩማ አወጣች፤ እንዳታንሸራትት ላይዋ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ተመትቶባታል። ከበሩ ስር አስቀመጠቻት፣ በእግሯ ነካ ነካ አድርጋ አለመወላገዷን አየች፣ ከዚያ የእናቴን ክርን ከስር ደግፋ ደህነኛውን እግር አስቀድማ አስወጣቻት። የትኛው ጉልበት እንደሚያማት ማንም አልነገራትም እኮ። እናቴ ተቀምጣ ገና ቀበቶዋን ሳታስር «ይቺ ልጅ ወላጅ ያሳደጋት ናት» አለችኝ።

ላ ሳልቬታ የምትባለው ትንሽ ከተማ በሁለት ሐይቆች መካከል ናት፣ በራቪዬዥና በላውዛስ። ሁለቱም የመብራት ኃይል ግድቦች ናቸው። ሁለቱንም አዞረችን፣ እናቴ ሳትወርድ ከመኪናው የምታይበትን ቦታ እየመረጠች። የላውዛስ ነገር ገርሞኛል። ያ ውሃ በተፈጥሮው ወደ ምዕራብ ፈስሶ፣ ጋሮን ወንዝ ገብቶ፣ አትላንቲክ መድረስ ነበረበት። አሁን ግን ተራራው ተፈልፍሎለት ወደ ሌላው ወገን ከ600 ሜትር በላይ ይወረወርና መብራት አመንጭቶ ሜዲትራንያን ይገባል። እንዴት እንደሚሠራ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እያሳየች አስረዳችኝ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ፤ አትጠይቁኝ። ለእናቴ ስተረጉምላት «በስመ አብ! ውሃውንም አሰደዱት?» አለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወቅቱ ፍልሰታ ነው። እናቴ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ውሃም አትቀምስ። የዚህ አገር የገጠር ምግብ ቤት ደግሞ ምሳ የሚያቀርበው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ስምንት ካለፈ ወጥ ቤቱ ይዘጋል፣ ብትለምኑ አይከፈትም። አንድ ቦታ ወንበር ሲደራርቡ ደረስንና ዳቦና ቲማቲም ብቻ ስጡኝ፣ አሮጊት ይዤ ነው ብዬ ለመንኩ። «ተዘግቷል እመቤት» ብሎ የመስታወቱን በር ፊቴ ላይ ዘጋው። ቢከፈትስ ምን ሊበላ? የዚያ አገር ወጥ በዳክዬ ስብ የሚሠራ ነው። ካሱሌ የሚሉት ነጭ ቦሎቄ አለ፤ ስታዩት የጾም ይመስላል፣ ስታማስሉት ቋሊማና ዳክዬ ይወጣል። እናቴ የዚያን ቀን ብስኩት እንኳ ቅቤ አለበት ብላ ትታ በፍራፍሬ አደረች።

ባለታክሲዋ በመስታወት ስታያት ኖሯል መሰለኝ፣ «እናትሽ ውሃ እንኳ አልጠጡም፣ አመማቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ምንም የለም። «እስከ መቼ?» አለች። እስከ ኦገስት 21 አልኳት። እዚህ ጋ ብዙ ፈረንጅ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ለጤና ጥሩ አይደለም፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ምናምን። እሷ «እሺ» ብቻ ብላ መንዳቷን ቀጠለች።

በማግስቱ ስትመጣ የጉዞውን ቅደም ተከተል ገልብጣዋለች። ማታውን ለምታውቀው ምግብ ቤት ደውላ፣ ስብ ባልነካው ድስት ሽንብራ በወይራ ዘይት፣ ደበርጃንና ዝኩኒ በቲማቲም አሠርታለች። ስምንት ሰዓት ሊዘጉ ሲሉ ደርሳ ተቀብላ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ ከኋላ አስቀመጠችው። ዳቦውን እንኳ ወተት ይገባበታል ወይ ብላ ጠይቃ ነው የገዛችው። ከዚያ ጥቁሩ ተራራ የሚሉት ላይ ወዳለው ወደ ላምፒ ሐይቅ ወሰደችን፤ ትልልቅ ዛፍ ያጠላበት፣ ጸጥ ያለ፣ ነፋሱ የሚቀዘቅዝ ቦታ ነው። ሰዓቷን አየች። ገና ነው። እናቴ ዳዊቷን ስትደግም ልጆቼን ወስዳ ግድቡን አሳየቻቸው። ልክ ዘጠኝ ሲሆን ድስቱን ከፈተች፤ እንፋሎቱ ወጣ! እኔ እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። እሷም እስከዚያ ምሳዋን አልበላችም ነበር። እናቴ ባርካ ቆረሰችና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ። አፏን ከፍታ ተቀበለች፣ ሁለተኛውንም።

ይህንን በገንዘብ ታገኙታላችሁ? እኔ በዚህ አገር ስኖር ከፍዬ እንኳ ፊት የነሱኝ ስንት ናቸው። እባካችሁ ለዚህች ሴት ሥራ ስጧት።

ከላምፒ ወርደን ሳን ፌሬዮልን አየን። ይህንን ሐይቅ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ቱሉዝ መሃል የሚያልፈውን ካናል ዱ ሚዲ የሚሉትን የመርከብ ቦይ ውሃ የሚመግበው እሱ ነው። ያሠራው ፒዬር ፖል ሪኬ የሚባል የጨው ግብር ሰብሳቢ ነው፤ ግድቡ በእነሱ አቆጣጠር በ1667 ተጀምሮ በ1672 አለቀ። 1667 ማለት ዐፄ ፋሲል ያረፉበት ዓመት ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ቀና ብላ እንደገና አየችው፤ ለጎንደር ሰው ከዚህ በላይ መግለጫ የለም። ባለታክሲዋ ደግሞ ያን ሁሉ አፈር ከተሸከሙት ብዙዎቹ ሴቶች እንደነበሩ፣ በቅርጫት እያመላለሱ እንደሞሉት ነገረችን። እናቴ «ሐውልት አላቸው?» አለች። «የሪኬ አለ፣ ቤዚዬ ከተማ።» «እሱን አይደለም የጠየቅኩት፣ የሴቶቹን።» የለም አለቻት። እናቴ አማተበችና ነፍስ ይማር አለች። ለነገሩ ሪኬም ቦዩ በ1681 ሲከፈት አላየም፣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሞቷል።

ልጆች ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከግድብ በታች ያለው የወንዝ ጠጠር ለመጫወት ያምራል፣ ልጆቼም ሊወርዱ ሲሮጡ ባለታክሲዋ ጮሃ ጠራቻቸው። ዝናብ ሳይኖር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከላይ ለመብራት ውሃ ሲለቁ ወንዙ በድንገት ይሞላል። ቢጫ ሰሌዳ ተተክሏል፣ አንብቡት። መዋኘት ለሚፈልግ በበጋ ጠባቂ ያለበት ዳርቻ ሳን ፌሬዮል ላይ አለ።

ሳላጉ የሚባለው ሐይቅ ራቅ ይላል፣ ወደ ሞንፔልዬ ወገን ነው። እሱንም ወስዳናለች። አፈሩ ከብረት የተነሣ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ዳርቻው ላይ ሴል የምትባል መንደር አለች፤ በ1960ዎቹ ግድቡ ሲሠራ ውሃው ይውጣታል ተብሎ ሰዉ ቤቱን ለቆ ወጣ፣ ውሃው ግን ደጃፏ ደርሶ ቆመ። አሁን አንዳንድ ቤት እየታደሰ ነው። ፎቶ ላንሳሽ ብላት እናቴ እምቢ አለች። «የሰው ቤት ፈርሶ ምን ፎቶ አለው?»

ዋጋውን በተመለከተ፣ አስቀድማ ትናገራለች፣ በመጨረሻም ያችኑ ትቀበላለች። ቆማ የጠበቀችበትን አላስከፈለችኝም። ርካሽ ነው አልላችሁም፣ የፈረንሳይ ታክሲ ነው፤ ግን አራት አምስት ሆናችሁ ስትካፈሉት ከመኪና ኪራዩና ከንዴቱ ይሻላል። በሽተኞቿን ጠዋት ስለምታደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አትጠብቋት፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ቀድማችሁ ያዙ። የልጅ ወንበር አላት፣ ዕድሜያቸውን ንገሯት። እንግሊዝኛ አትችልም። ፈረንሳይኛ የሚያስቸግራችሁ እኔ ደውዬ አናግርላችኋለሁ፤ ጾም ላይ የምትሄዱ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ምግብ ቤቱን ከማታው ማናገር አለባት።