ቢኤምደብሊው ኤም3 (ኢ46) ወይስ ፖርሽ 911 (996)?

ሁለቱም ባለስድስት ሲሊንደር የስፖርት መኪኖች ናቸው (በቅንፍ ያሉት የሞዴሉ ትውልድ መለያዎች ናቸው)፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ሞተር፦ የኤም3 ባለ3.2 ሊትር ሞተር ከፊት ሆኖ በአውሮፓው ስሪት 343 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በደቂቃ ወደ 8,000 ዙር ሲጠጋ ድምፁ ልብ ያሞቃል። የመጀመሪያው 996 ካሬራ (የ911 መደበኛ ስሪት) ባለ3.4 ሊትር ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ጉልበቱ 300 ቢሆንም መሪው የአስፋልቱን ሸካራነት ሁሉ ለእጅ ይነግራል።

ስጋት፦ ኤም3 ከመግዛትዎ በፊት መኪናው ከፍ ተደርጎ የኋላው አክስል ከወለሉ ጋር የሚታሰርበት ቦታ በባትሪ ይታይ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። የቢየላ (ፒስተንን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ኩሽኔታዎቹም ያልቃሉ። በ996 የሚያስፈራው የመካከለኛው ዘንግ (በሞተሩ ውስጥ ከዋናው ዘንግ ወደ ቫልቭ ዘንጎች እንቅስቃሴ የሚያስተላልፈው) ኩሽኔታ ነው፤ ከተሰበረ መላውን ሞተር ያበላሻል። ለእኔ ኩሽኔታው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሚያብረቀርቅ ቀለም ይበልጣል።

የኋላ ወንበር፦ ኤም3 አዋቂ ያስቀምጣል፤ 996 ሕፃን ብቻ።

በየቀኑ ሰው ጭኖ ለሚነዳ ኤም3፣ ጠመዝማዛ መንገድ ለብቻው ለሚፈልግ 996 ይስማማል።