«ካውንስል እንዳትደውይ» ላለችኝ ሶሊሲተር

ባለፈው ሳምንት የቤታችንን ቁልፍ ተረከብን። እልል በሉልን! ዛሬ ግን ማመስገን የፈለግኩት እዚህ ያደረሰችንን ሶሊሲተር፣ የቤት ግዢውን ሕጋዊ ጉዳይ የያዘችልንን ጠበቃ ነው።

ለንደን ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። የቤቱን ሁኔታ የሚመረምረው ሰርቬየር አይቶ ሲመለስ በኩሽናውና በሳሎኑ መካከል የነበረው ግድግዳ መፍረሱን ጻፈ። ሥራው በሕንፃ ደንቡ መሠረት መሠራቱን የሚያሳየው የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የቢልዲንግ ኮንትሮል ሰርተፊኬት ግን የለም። ሻጩም «እኔም ስገዛው እንዲሁ ነበር» አለ።

እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት የካውንስሉን ቁጥር አወጣሁ። ከመደወሌ በፊት ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅ ላማክራት ብዬ ለሶሊሲተሯ ደወልኩ። ድምጿ ወዲያው ተለወጠ። «የቤቱን አድራሻ ነግረሻቸዋል?» ገና ነኝ ስላት በረጅሙ ተነፈሰች። «ተይ የኔ እህት፣ እንዳትደውይ።»

ከዚያ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ለእንዲህ ያለው ነገር ኢንደምኒቲ ኢንሹራንስ የሚባል አለ። የሚከፈለው አንዴ ብቻ ነው። ካውንስሉ አንድ ቀን «ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው» ብሎ ቢመጣ ኪሳራውን ይሸፍናል። ቤቱን ስንሸጠውም ለሚገዛው ሰው ይተላለፋል። የኢንሹራንስ ድርጅቶቹ ግን ውል የሚገቡት ካውንስሉ ነገሩን አላነሳውም ብለው ነው። ገዢም ሆነ ሻጭ፣ ኤጀንትም ቢሆን፣ ስለዚያ ግድግዳ ካውንስሉን አንዴ ካናገረ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላሉ። ደግሞም ካውንስሉን ያናገረ ሰው አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። «ደውለሽ ቢሆን ኖሮ እውነቱን ከመናገር ሌላ መንገድ አልነበረንም» አለችኝ። እውነቱ ተደብቆ የተገዛ ኢንሹራንስ የጭንቅ ቀን አይከፍልም።

ድሮ ካውንስሉ እንዲህ ያለውን ሥራ አፍርሱ ወይም አስተካክሉ ለማለት የነበረው ጊዜ 1 ዓመት ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በ2022ቱ የሕንፃ ደህንነት ሕግ ወደ 10 ዓመት ከፍ ብሏል። ስለዚህ ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

እኔን በጣም የነካኝ ግን ቀጥሎ ያለችው ነው። «ኢንሹራንሱ ወረቀት ነው፣ ጣሪያውን ደግፎ አይዝልሽም። ልጆች አሉሽ፤ ኢንጂነር ይየው።» ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አስፈርሞን ፋይሉን ይዘጋ ነበር። በሻጩ ፈቃድ ኢንጂነሩ መጣ፤ ልስኑን በትንሹ ቀዶ በባትሪ አበራበት። በፈረሰው ግድግዳ ፈንታ ከላይ ያለውን የሚሸከመው ብረት አለ! ሁለቱም ጫፍ ግንቡ ላይ በደንብ አርፏል። ባለቤቴ እዚያው ቆሞ አማተበ።

ኢንሹራንሱን ሻጩ እንዲከፍል ያደረገችውም እሷው ናት። ለሞርጌጅ ሰጪውም ሁሉንም በግልጽ ጽፋለች።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልን። ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። በአማርኛ ታስረዳለች፤ ለኢሜይልም በዚያው ቀን ትመልሳለች። ከካውንስሉ በፊት ለሷ ደውሉ።