ቆጠራ ይሻላል ወይስ ናሙና?

ወጥ ሲቀመስ ድስቱ በሙሉ አይጠጣም። አንድ ጭልፋ ይበቃል፤ መጀመሪያ ግን በደንብ መማሰል አለበት። በስታቲስቲክስ ድስቱ አጠቃላይ ሕዝቡ ነው፣ ጭልፋው ደግሞ ናሙናው።

የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ድስቱን ሙሉ ለማየት የተሞከረበት ነው። ወደ 73.7 ሚሊዮን ሰው ተቆጠረ። ቆጠራ እስከ ቀበሌ ድረስ ቁጥር ይሰጣል፤ ናሙና ይሄን አይችልም። ግን ውድ ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ስንቴ እንደተራዘመ እናውቃለን።

የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ያነጋገረው 16,650 ቤተሰቦችን ብቻ ነው። «በዚህች ቁጥር?» የሚል አይጠፋም። ወሳኙ ግን ከብዛቱ ይልቅ አመራረጡ ነው። በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች ለአንድ ትልቅ ከተማም ሆነ ለመላ አገሪቱ የሚኖራቸው የስህተት ህዳግ (ውጤቱ ከእውነተኛው ቁጥር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ የሚችልበት መጠን) ያው ነው፤ ከ3 በመቶ ብዙም አይርቅም። ቦሌ ካፌ ተቀምጦ 10,000 ሰው መጠየቅስ? ያልተማሰለ ወጥ መቅመስ ነው።

እኔ ለወረዳ ዕቅድ ቆጠራን፣ ለአገር አማካይ ናሙናን እመርጣለሁ። ደግሞ አይገርምም? ዳሰሳው የሄደባቸው አካባቢዎች የተመረጡት ከዚያው ከ1999ኙ ቆጠራ ዝርዝር ነው።