መንጃ ፈቃድ ያወጣሁበት ማሰልጠኛ፦ ክፍል ውስጥ ደካማ፣ ከተማ ላይ ጎበዝ

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ከመኪና በፊት ሳይክል ያውቃል። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ተማሪውም ሠራተኛውም በፔዳል ነው። እኔም እስካሁን ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነው። ስለዚህ ማሰልጠኛ ስፈልግ ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነበር፦ ሳይክልና እግረኛ በሞላበት መንገድ እንዴት እንደሚነዳ ያስተምራሉ ወይ?

ክፍል ውስጥ አያስተምሩም። ቲዎሪው የፈተና ጥያቄ ማሸምደድ ነው። መምህሩ "መልሱ ሐ" ብሎ ያልፋል፤ ለምን ሐ እንደሆነ አይነግረንም። ስለ እግረኛ የሰማነው "ዜብራ ላይ ቅድሚያ ስጡ" የምትል አንድ መስመር ብቻ ነው። ፊጋው፣ ማለትም ሜዳ ላይ በተተከሉ ዘንጎች መሃል የመንዳት ልምምዱ፣ ደህና ነው፤ ሜዳውም ሰፊ ነው። ግን የፊጋ ዘንግ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሕፃን ልጅ ሮጦ ይገባል።

የከፈልኩት ገንዘብ ያላስቆጨኝ ከተማ ስንወጣ ነው። ያሠለጠኑኝ ጋሼ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ዳር ይዘን ስንቆም በሩን በግራ እጄ እንድከፍት አይፈቅዱልኝም። "በቀኝሽ ክፈቺ ልጄ። ያኔ ትከሻሽ ይዞራል፣ ከኋላ የሚመጣውን ሳይክል ታዪዋለሽ" ይሉኛል። ድንገት የሚከፈት በር ለሳይክል ነጂ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁና፣ ለዚህች ትምህርት ብቻ አመሰግናቸዋለሁ።

ዜብራ ጋ ሚኒባስ ቆሞ ካየን እሱን ቀድሞ ማለፍ ክልክል ነው። ከፊቱ የሚሻገር ሰው አለ ብለሽ አስቢ፣ መኪናው ስለከለለው ነው የማይታይሽ ይላሉ። ወደ ቀኝ ስታጠፍ ፍሬቻ ማብራት አይበቃቸውም። መጀመሪያ የቀኙ ስፖኪዮ፣ ከዚያ አንገት ማዞር፤ ባጃጁም ሳይክሉም የሚሾልከው በዚያ በኩል ነውና። ሳይክል ስር ደርሶ ክላክስ መንፋት ደግሞ በጣም ያስቆጣቸዋል። የደነገጠ ሰው መሪው ይዞት ይሄዳል፣ ምናልባትም ወደ መኪናው። ስትቀድሚው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ራቂለት፣ ቦታ ከሌለ ከኋላው ቀስ ብለሽ ሂጂ ነው ትእዛዙ።

ስለ ፍጥነት ያስተማሩኝ ከመኪና አውርደው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 ሲሄድ ግን ስምንት ሜትር ገደማ። ሁለቱንም በእግሬ አስለኩኝ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን የገባኝ ያኔ ነው። ያንን መሬት ረግጬ ካየሁ በኋላ ትምህርት ቤት አካባቢ እግሬ ነዳጁን ለመርገጥ አይደፍርም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ልምምዱ ሁሉ ቀን ላይ ነው፤ 11 ሰዓት ሲሆን መኪናው ግቢ ይገባል። እዚህ ግን ሲመሽ መብራት የሌለው ሳይክል ብዙ ነው፣ ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛም እንደዚያው። አዲስ ሾፌር ያንን ሰዓት ከጎኑ አሠልጣኝ ይዞ ቢለማመደው የሰው ሕይወት ይተርፋል። ቢሮ ጠይቄ "አሠራራችን አይደለም" ተባልኩ። ሁለተኛው፣ አሠልጣኝ ከአሠልጣኝ ይለያያል። አብራኝ የተመዘገበችው ልጅ የደረሳት አሠልጣኝ መንገዱን ትቶ ስልኩን ሲያይ ይውላል።

ዋጋው ከሌሎቹ ብዙም አይለይም። ልትመዘገቡ ከሄዳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ከተማ ይዟችሁ የሚወጣው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ቢፈቅዱላችሁ ሌላ ሰልጣኝ ሲነዳ ከኋላ ተቀምጣችሁ አንድ ዙር እዩት።