በመቶ ሜትር ሳንቲም ይመታል? የአደን ጠመንጃዎች ንጽጽር

ደብረ ብርሃን ላይ የጠመንጃ ወሬ ከተነሣ «የኔ በመቶ ሜትር ሳንቲም ይመታል» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ በሳንቲሙ እንለካው። የአንድ ብር ሳንቲም ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ነው። ድኩላ ላይ ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። አዳኝ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ልክ ነው።

ወደ ሳንቲሙ የሚጠጋው መዝጊያው በእጅ እየተሳበ የሚጎርሰው፣ መነጽር የተገጠመለት አዲስ ጠመንጃ ነው። ጥሩ ጥይት ከበላ በ100 ሜትር የተኮሳቸውን ጥይቶች ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ ይሰበስባል። በ300 ሜትር ሦስት እጥፍ ቢበተን እንኳ ከ15 አያልፍም። አንድ ጠመንጃ ብቻ ለሚገዛ ሰው ምርጫዬ ይኸው ነው።

ቤልጅግም የዚሁ ወገን ነው። ከማይጨው ጦርነት በፊት የገባ፣ ሸዋ ውስጥ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ መሣሪያ ስለሆነ ክፉ ሲናገሩበት ሰው ይከፋዋል። እውነቱ ግን የአፈሙዙ የውስጥ ቦይ በዘመን ብዛት ተበልቷል፤ ማነጣጠሪያውም ተራ ብረት ነው። በ100 ሜትር የሲኒ ማስቀመጫ የምታህል ቦታ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ከሰበሰበ ጎበዝ ነው። በ200 ሜትር 20 ይሆናል፤ ያኔ ድኩላውን ማቁሰል ይመጣል። ስለዚህ ቤልጅግ የመቶ ሜትር ጠመንጃ ነው። ሳንቲም ቢመታም በዕድሉ ነው።

ራሱ እየጎረሰ የሚተኩሰው ከሁለቱ መሃል ነው፤ በ100 ሜትር ከ4 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር። ከቃታው ሥር ባለው ማንሻ የሚጎርሰውም ከዚህ ብዙ አይለይም፣ ትንሽ ቢብስ ነው።

ባለሁለት አፈሙዙ ለብቻው ነው። እንደ ጎሽ ላለ አደገኛ እንስሳ፣ ለቅርብ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በ50 ሜትር ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ሁለቱ አፈሙዞች አንድ ቦታ እንዲመቱ የሚገጣጠሙት በአንድ ዓይነት ጥይት ነው። ጥይቱ ሲቀየር አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ ይሄዳል። ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው፤ ለድኩላ የሚገዛው ሰው አይገባኝም።

ሻጭ ሦስት ቀዳዳ ያለበት ወረቀት ቢያሳያችሁ አትቸኩሉ። ሦስት ጥይት በዕድልም ይጠጋጋል። ተኩስ በሚፈቀድበት ቦታ አምስት አስተኩሱት፤ የመጀመሪያው አፈሙዙ ሳይሞቅ ይሁን። አውሬ ፊት የሚተኮሰው እሱ ነው። ፈቃዱንም ቀድማችሁ ጨርሱ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቀልድ አያውቅም።

ደግሞም እነዚህ ልኮች ጠመንጃው ተደግፎ ሲተኮስ የተለኩ ናቸው። የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ እያለከለከ፣ ቆሞ ለሚተኩስ ሰው አዲሱም ቤልጅጉም አንድ ናቸው።

አንድ ወዳጄ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ዒላማ ሳተና «የቆላው አየር ነው» አለኝ። ከደብረ ብርሃን 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ አየሩም ይወፍራል፤ እሱ ልክ ነው። በ300 ሜትር ጥይቱን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል። ዒላማው ግን 80 ሜትር ላይ ነበር።