የእማዬን የመስሚያ መሣሪያ ላስተካከለችልን ባለሙያ፦ እግዜር ይስጥልን

ስሜ አይጠራ ስላለች አልጠራውም፤ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ወላጅ ያላችሁ በሙሉ ወደዚች ልጅ ውሰዱ!

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ (ስሙ ይቅርብን) ጆሮዋን እንኳ ሳያይ ከካርቶን አውጥቶ ሰካላትና «ይሰማዎታል?» አለ፤ ሂሳቡን ተቀበለ፣ በቃ። ዕቃው ድምፁን ሁሉ እኩል ያጎላል። የሳህን ኳኳታ ጆሮ ይበሳል፣ ንግግሩ ግን ያው ድፍን ነው። መሳቢያ ውስጥ ብትጥለው አልፈረድንባትም።

በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድክመት ቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ከ፣ ተ ይደባለቃሉ። «ወተቱ ፈሰሰ» ሲሏት «ማን ከሰሰ?» የምትለው ለዚህ ነው። ብንጮህም የሚጎላው አስቀድሞም የሚሰማት ክፍል ነው።

ይቺ ልጅ ጆሮዋን በመብራት አየች፤ ኩክ ስለነበረ ሐኪም እስኪጠርገው አልለካም አለች። ከዚያ ሁለቱን ጆሮ ለየብቻ፣ ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ (ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ) ለካች። መሣሪያውን በውጤቱ ልክ በኮምፒውተር አስተካከለች፤ በቀጭን ቱቦም ጆሮዋ ውስጥ የሚደርሰውን ድምፅ አረጋገጠች።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። እኛን ገለል አድርጋ ለእማዬ ለራሷ አስጨበጠቻት፤ ያለ መስታወት እስክትለምደው አምስት ጊዜ አስወልቃ አስደረገቻት። ምሳዋ አልፎባት ነበር፣ አልተቻኮለችም። ያስተማረቻት ይሄን ነው፦ ቀዩ ምልክት ቀኝ፣ ሰማያዊው ግራ። የባትሪው ተለጣፊ ከተላጠ በኋላ አየር እንዲያገኝ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ አንዴ ከተላጠ መልሶ መለጠፍ አያድነውም። ማታ የባትሪው በር ተከፍቶ ያድራል። ካፏጨ ሞልዱ (ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል) በደንብ አልገባም፣ ወይም ጆሮው ኩክ ይዟል። ሞልዱ ከመሣሪያው ተነጥሎ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ መሣሪያው ግን ጠብታም አይነካው!

መጀመሪያ ላይ ጸጥ ባለ ቤት በቀን ለሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ይደረጋል፤ የቡናው ጫጫታና ሠርጉ በኋላ ይደርሳል። የራስ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንደሚናገሩት ይመስላል፣ ይለመዳል። ካልተለመደ ይስተካከላል፤ በሁለተኛው ሳምንት ጠርታ ኳኳታውን ቀነሰችላት፣ ሳንቲም አልጠየቀችም። ለኛም ትእዛዝ ሰጠችን፦ ቴሌቪዥኑን ቀንሱ፣ ፊት ለፊቷ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።

አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ግን መሣሪያ አትፈልጉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ለቀረው ግን እሷን ጠይቁ፣ እሷን!